የግሩፕ አድሚን ሥልጣን እንዴት ይከፈል፣ እንዴትስ ይጠየቅ

ጎጃም ውስጥ እድር ሲቋቋም ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡን የያዘ መዝገቡን አይዝም፤ መዝገቡን የያዘ ብቻውን ቅጣት አይወስንም። ያው እድር ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ግን ግሩፑን ቀድሞ የከፈተው ሰው ዳኛም፣ ጸሐፊም፣ በር ጠባቂም ሆኖ ቁጭ ይላል። መልእክት ያጠፋል፣ ሰው ያስወጣል፤ በምን ምክንያት እንዳስወጣ የሚጠይቀው የለም። ብዙ ጊዜ ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ግሩፕ ሲከፈት መተግበሪያው ሥልጣኑን ሁሉ ለከፋቹ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ተቀምጦ ያከፋፈለው ሰው አልነበረም።

ይህ መመሪያ ከ200 እስከ 5,000 አባል ላላቸው ግሩፖች ነው፤ ለእድር፣ ለትውልድ ቀዬ ማኅበር፣ ለአብሮ አደግ ተማሪዎች፣ ለጤፍና ለከብት ዋጋ መለዋወጫ። ዋናው ትኩረቱ ቴሌግራም ነው፤ ስለ ዋትስአፕና ፌስቡክ በአጭሩ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ መርዶውን ለዩ

ከግሩፕ መባረር ቀላል የሚመስለው ለሩቅ ሰው ነው። በደብረ ማርቆስም፣ በቢቸናም፣ በሞጣም ዛሬ መርዶና የቀብር ሰዓት፣ የእድር መዋጮና የስብሰባ ጥሪ በስልክ የሚደርስበት ቤት ብዙ ነው። በአንድ ምሽት ንትርክ ከግሩፕ የወጣ ሰው ቀብር ያመልጠዋል። ከቀብር የቀረ በእድሩ ደንብ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ የሚከፋው ደግሞ የለቀስተኛው ቤት ቅሬታ ነው። አድሚኑ አንዲት ቁልፍ ሲነካ ያልታሰበ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጣት አብሮ ወረደ ማለት ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም ደንብ በፊት የመርዶና የጥሪ ቻናል ለብቻው ክፈቱ። እዚያ የሚለጥፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ አስተያየት መስጫው ይዘጋ፤ ማንም አባል በምንም ጥፋት ከዚያ አይወጣ። ክርክሩ፣ ገበያው፣ ጨዋታው በግሩፑ ይቀጥል። ይህ አንድ ሥራ ብቻውን የአድሚን ስሕተት የሚያደርሰውን ጉዳት በግማሽ ያቀለዋል ብንል አላጋነንንም።

ሥልጣኑን በየዓይነቱ አከፋፍሉ

ቴሌግራም ለአንድ አድሚን የሚሰጠው ሥልጣን በየፈርጁ ተለያይቶ የቀረበ ነው፦ የግሩፑን ስምና ፎቶ መለወጥ፣ መልእክት ማጥፋት፣ አባል ማገድ፣ በሊንክ መጋበዝ፣ መልእክት ማሰካት፣ የድምፅና የቪዲዮ ውይይት መምራት፣ ስምን መሰወር፣ አዲስ አድሚን መሾም። እያንዳንዱ ለብቻው ይበራል፣ ይጠፋል። ስሕተቱ ሁሉንም አብርቶ መስጠት ነው።

እስከ 500 አባል ሦስት አድሚን፣ እስከ 2,000 አምስት፣ ከዚያ በላይ ሰባት ይበቃሉ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሚሆነው ድምፅ እኩል እንዳይከፈል ነው። መልእክት ማጥፋትና ለጊዜው ሚዩት ማድረግ (አባሉ እያነበበ እንዳይጽፍ መከልከል) ለሁሉም ይሰጥ። አዲስ አድሚን መሾም ግን ለባለቤቱ ብቻ ይቅር። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መሾም የሚችል አድሚን ራሱ ያለውን ሥልጣን ለሌላ ያስተላልፋል፤ የሾመውን መሻር የሚችለው ደግሞ ሿሚው ወይም ባለቤቱ ነው። አንድ አድሚን ሁለት ወንድሞቹን ሾሞ ባለቤቱ ለወር ስልኩን ካልከፈተ ሌሎቹ አድሚኖች ቆመው ከማየት በስተቀር የሚያደርጉት የለም።

ባለቤቱን የሚሽር አድሚን የለም። ስለዚህ ባለቤትነት ለተመረጠው ሰብሳቢ ይተላለፍ፤ እሱም የዕለት ተዕለት ማጥፋትና ማገድ ውስጥ አይግባ። ማስተላለፉ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ አስተላላፊው ሁለተኛውን የይለፍ ቃል (በስልክ ከሚላከው ኮድ በተጨማሪ የሚጠየቀውን) ካበራ ቢያንስ 7 ቀን፣ በሚጠቀምበት ስልክ ከገባ ቢያንስ 24 ሰዓት ሊሞላው ይገባል። ሰው ታሞ ወይም ተጣልቶ «ዛሬውኑ ላስረክብ» ሲል የማይሆነው በዚህ ነው። የይለፍ ቃሉን ዛሬ አብሩት። ሌላም ጥቅም አለው፦ የባለቤቱ ሲም ካርድ ጠፍቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥ፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል በሌለበት አዲሱ የቁጥሩ ባለቤት ግሩፑን ከነአባላቱ ሊረከብ ይችላል።

ስምን የመሰወር ነገር ብዙ ያከራክራል። አድሚን ራሱን ሲሰውር የሚጽፈው ሁሉ በግሩፑ ስም ይወጣል፤ ማን እንደፈረደ አባሉ አያውቅም። በሌላ በኩል ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ማታ የሰው መልእክት ያነሣ አድሚን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከዚያው ሰው ጋር ይገናኛል፤ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ለእያንዳንዱ አድሚን እስከ 16 ፊደል የሚይዝ ማዕረግ መስጠት ይቻላል፤ ማዕረጉ አድሚኑ ስሙን ሰውሮ ሲጽፍም ከመልእክቱ ጋር ይታያል። «አ1»፣ «አ2»፣ «አ3» ብላችሁ ስጧቸው። አባሉ ፊትን አያይም፤ የትኛው እጅ እንደሠራ ግን ያውቃል። አ3 ማን እንደሆነ ይግባኝ ሰሚዎቹ ያውቃሉ።

48 ሰዓት

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ቴሌግራም «ሪሰንት አክሽንስ» የሚባል የሥራ ዝርዝር አለው። የግሩፑን ስም ነክታችሁ ወደ ማስተካከያው ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ማን የማንን መልእክት እንዳጠፋ፣ የጠፋው ጽሑፍ ምን እንደነበር፣ ማን ማንን እንዳገደ፣ የተስተካከለ መልእክት ከመስተካከሉ በፊት ምን ይል እንደነበር ሁሉ እዚያ አለ። የሚያዩት ግን አድሚኖች ብቻ ናቸው፤ የሚቆየውም 48 ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ የተፈጸመ በደል ሰኞ ጠዋት ማስረጃ የለውም። «እኔ አላጠፋሁም» እና «አጥፍተሃል» ተብሎ የሚቀረው ጠብ ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

መፍትሔው መዝገብ ነው። አድሚኖችና ይግባኝ ሰሚዎች ብቻ ያሉበት ዝግ ቻናል ክፈቱ። አድሚን መልእክት ከማጥፋቱ በፊት መልእክቱን ወደዚያ ፎርዋርድ ያደርጋል፣ ከሥሩ ይጽፋል፣ ከዚያ ያጠፋል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ አጥፍቶ «በኋላ እጽፋለሁ» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም። አስቸኳይ የሆነ ብቻ፣ ለምሳሌ የእርቃን ፎቶ ወይም «እገሌን ምቱት» የሚል ጥሪ፣ ቀድሞ ይጠፋል፤ ጽሑፉ በ48 ሰዓቱ ውስጥ ከዝርዝሩ ላይ ተገልብጦ ይመዘገባል። የእርቃን ፎቶ ግን ወደ መዝገብ አይገባም፤ ምን እንደነበር በቃል ብቻ ይጻፋል። በግሩፑ ላይ ይዘት እንዳይቀዳ የሚከለክለው ቅንብር በርቶ ከሆነ ፎርዋርድ ማድረግ አይቻልም፤ አጥፉት።

አንድ የመዝገብ ገጽ ይህን ይመስላል፦

ቁጥር 42
ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 2፡40
የተደረገው፦ መልእክት ጠፋ፣ 24 ሰዓት ሚዩት
ደንብ፦ 3፣ የሰው ስልክ ቁጥር ያለ ፈቃድ መለጠፍ
ያደረገው፦ አ3
ዝምድና ወይም ጥቅም፦ የለም
ለአባሉ ተነግሯል፦ አዎ፣ 2፡45

ቁጥሩ ተከታታይ መሆን አለበት፤ እንደ እድር ደረሰኝ። ቻናሉ ላይ የሚጽፍ ሰው የራሱን ጽሑፍ ማጥፋት ይችላል፤ ቁጥሩ ከ41 ወደ 43 ከዘለለ ግን 42 የት እንደገባ የመጠየቅ መብት አለ። የሌላውን ጽሑፍ የማጥፋትና የማስተካከል ሥልጣን በመዝገቡ ቻናል ላይ ለማንም አትስጡ።

ለአባሉ የሚላከው ቃልም ልክ አለው። «ጤና ይስጥልን። ዛሬ ከምሽቱ 2፡40 የለጠፉት መልእክት ተነሥቷል። ምክንያቱ ደንብ 3 ነው፤ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ነበረበት። ለ24 ሰዓት ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችሉም። ቁጥሩን አውጥተው መልሰው ሊለጥፉት ይችላሉ። ውሳኔው ልክ አይደለም ካሉ በ7 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚዎች ይጻፉ፤ የመዝገብ ቁጥርዎ 42 ነው።» ዕድሜውን የማታውቁትን ሰው ሁሉ አንቱ በሉ። የ20 ዓመት አድሚን የአባቱን እኩያ «አንተ ደንብ ጥሰሃል» ሲል ጠቡ ከጠፋው መልእክት ወጥቶ ወደ ስድቡ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ካልገባ አይበርድም።

ቅጣቱ ደረጃ ይኑረው

ማስጠንቀቂያ፣ 24 ሰዓት ሚዩት፣ 7 ቀን ሚዩት፣ ከዚያ ማስወጣት። ማስወጣትን አንድ አድሚን ብቻውን አይወስንም፤ ሁለተኛው በመዝገቡ ላይ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ይጽፍ። ማስታወቂያ የሚረጩና በሐሰተኛ የብር ማባዣ ሊንክ ሰው የሚያታልሉ አካውንቶች ብቻ ያለ ደረጃ ወዲያው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የአሠራር ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው፣ ሚዩት ስታደርጉ የጊዜውን መጠን ካልመረጣችሁ እገዳው ያለ ገደብ ይሆናል። ለአንድ ቀን ታስቦ ዓመት የቆየ እገዳ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ የታገዱትን ዝርዝር ከፍታችሁ እዩ። ሁለተኛው፣ አባል ሲታገድ «ከዚህ ሰው የመጣውን ሁሉ አጥፋ» የሚል ምልክት ማድረጊያ ይመጣል። እሱ ከተነካ ሰውየው ለዓመታት የለጠፈው የገበያ ዋጋ፣ የመዋጮ ሒሳብ፣ የሟች ፎቶ ሳይቀር ይጠፋል፤ አይመለስም። ለአጭበርባሪ አካውንት ካልሆነ በቀር አትንኩት።

ንትርክ ሲግል ሰው ከመቅጣት በፊት መልእክቱን አዘግዩት። «ስሎው ሞድ» የሚባለው እያንዳንዱ አባል በሁለት መልእክት መካከል እንዲቆይ ያደርጋል፤ እስከ 1 ሰዓት ድረስ መወሰን ይቻላል። 5 ደቂቃ ላይ አድርጉትና አንድ ምሽት ጠብቁ።

ዝምድና ሲገባበት

በጎጃም ግሩፕ ውስጥ ከማንም የማይዛመድ አድሚን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። አማች፣ አበ ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ የማኅበር ጓደኛ፣ የመሬት ባላጋራ፤ አንዱ አይቀርም። የሚያስፈልገው ዝምድና ሲኖር እጅ ማንሣት ነው።

በአንድ የጤፍ ዋጋ ግሩፕ ላይ ሻጭ «ንጹሕ ማኛ፣ 15 ኩንታል» ብሎ ለጠፈ እንበል። ገዢ በማግስቱ የተዘረገፈ ጆንያ ፎቶ ይዞ መጣ፦ «ከላይ ማኛ ነው፣ ከመሃል ሰርገኛ ተቀላቅሎበታል።» አ2 የሻጩ አማች ነው። ቅሬታውን «ስም ማጥፋት» ብሎ አጠፋው። ሻጩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ጆንያው በመንገድ ላይ ተቀይሮ ይሆናል። ነገር ግን አሁን ማንም አያምነውም፤ አማቹ ሊጠብቀው ብሎ ስሙን ቀበረው። ልክ የነበረው አ2 በመዝገቡ ላይ «ዝምድና አለኝ፣ እጄን አንሥቻለሁ» ብሎ ለአ4 ማስተላለፍ ነበር። አ4 ደግሞ ምንም አያጠፋም፦ የቅሬታው መልእክት ይቆያል፣ የሻጩ መልስ ከሥሩ ይለጠፋል፣ ስድብ ካለበት ስድቡ ያለበት መልእክት ብቻ ይነሣል። ሻጭ ከመልስ በኋላ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ አስተካክሎ «ማኛና ሰርገኛ» ቢለው የድሮው ቃል በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ 48 ሰዓት ሳይሞላ ገልብጡት።

ዝምድናውን ሳይናገር የወሰነ አድሚን ውሳኔው ልክ ቢሆንም ይሻር፤ ጉዳዩ በሌላ ሰው እንደ አዲስ ይታይ።

ይግባኝ

ያጠፋው ሰው ይግባኙን ከሰማ ከሳሽም ዳኛም አንድ ሆነ። አድሚን ያልሆኑ ሦስት ሰዎች በአባላት ይመረጡ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። በግል መልእክት የሚሰደቡትና የሚዋከቡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ለወንድ አድሚን ለመናገር የሚያፍሩት ጉዳይ አለ። ሦስቱም መዝገቡን ያነባሉ፣ አይጽፉበትም።

የተባረረ ሰው ግሩፑን ማየት ስለማይችል የይግባኝ ሰሚዎቹ አድራሻ በተሰካው መልእክት ላይ ብቻ ቢቀመጥ ለእሱ አይደርስም። የመርዶ ቻናሉ መግለጫ ላይም ጻፉት። ይግባኝ ለማቅረብ 7 ቀን፣ ውሳኔ ለመስጠት 3 ቀን ይብቃ። መጻፍ የማይቀናው ሰው በድምፅ ቢልክ ይቀበሉት፤ ከሦስቱ አንዱ በጽሑፍ ይገልብጠው። ውሳኔው በሦስት መስመር በግሩፑ ላይ ይለጠፍ፤ የአባሉ ስም ሳይጠራ፣ በመዝገብ ቁጥር። አድሚኑ ከተሳሳተ «ቁጥር 42 ተሽሯል» መባሉ ሊያሳፍረው አይገባም። በተሻረ ቁጥር የሚያኮርፍ ሰው ግን ለአድሚንነት አልተፈጠረም።

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይባላል። ይህን ወደ ደንብ መለወጥ ይቻላል፦ አንድ ሰው ሊወጣ ሲል አምስት አባላት የመዝገብ ቁጥሩን ጠቅሰው «በሕግ አምላክ» ብለው ከጻፉ፣ ማስወጣቱ ወደ ሚዩት ይለወጥና ይግባኝ ሰሚዎቹ እስኪያዩት ይቆይ። ይህ እንዲሠራ የማስወጣት ሐሳብ ከመፈጸሙ 12 ሰዓት በፊት መነገር አለበት።

ደንቡና አዋጁ

ከሰባት መስመር አይብለጥ። እያንዳንዱ መስመር ድርጊት ይናገር። «ሥነ ሥርዓት የጎደለው ንግግር ክልክል ነው» ማለት አድሚኑ ያልወደደውን ሁሉ ያጥፋ ማለት ነው። «የሰውን ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም የአካል ጉዳት ጠርቶ መስደብ»፣ «ምንጩ ያልተጠቀሰ የሞት ወይም የግጭት ዜና»፣ «የሰው ስልክ ቁጥር ያለ ፈቃድ» የሚሉት ግን ይለካሉ። አድሚንን መተቸት የተፈቀደ መሆኑን ራሱን የቻለ መስመር አድርጉት።

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አድሚን ሁሉ ማንበብ አለበት። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል፤ በንግግሩ ምክንያት በሰው ላይ ጥቃት ከተፈጸመ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ነው። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከተሰራጨ ቅጣቱ ይከብዳል። አዋጁን በየክርክሩ እያነሡ ተቺን ማስፈራራት ግን የአድሚን ሥልጣንን ያለ አግባብ መጠቀም ነው፤ እሱም በመዝገብ ይያዝ።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ግሩፑ አይዘጋም፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉት አባላት መጻፋቸውን ይቀጥላሉ፣ አገር ቤት ያለው አድሚን ግን ስለ መንደሩ የሚወሰነውን አያይም። ደንቡ አስቀድሞ ይበል፦ አገር ቤት ካሉት አድሚኖች ከግማሽ በላይ ለ3 ቀን ካልታዩ፣ ማስወጣት፣ ደንብ መለወጥና አድሚን መሾም ይቆማሉ። ሚዩትና መልእክት ማንሣት ብቻ ይቀጥላሉ። ኔትወርክ ሲመለስ የተጠራቀመው መዝገብ ለ7 ቀን ለንባብ ይቀመጣል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። ከአምስት አድሚን ቢያንስ ሁለቱ ቀዬው ላይ የሚኖሩ፣ ቢያንስ አንዱ ከክልሉ ውጭ የሚኖር ይሁን።

ዋትስአፕና ፌስቡክ

ዋትስአፕ ላይ የግሩፑ መጠን እስከ 1,024 ሰው ነው፤ ሥልጣንን በየፈርጁ መክፈል አይቻልም። አድሚን የሌላ ሰው መልእክት ሲያጠፋ ስሙ በቦታው ይታያል፤ ይህ ጥሩ ነው። የጠፋው ጽሑፍ ግን ለአድሚኖችም አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሳያጠፉ መመዝገብ እዚያ ይበልጥ ግዴታ ነው። ፌስቡክ ላይ አድሚንና ሞደሬተር ተለያይተዋል፤ ሞደሬተር ልጥፍና አባል ያነሣል እንጂ አድሚን አይሽርም። ለዕለት ሥራ ሞደሬተር ብቻ ሹሙ።

አድሚን መሻርና ማስረከብ

የሥራ ዘመኑ 6 ወር ይሁን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገም። በየወሩ አራት ቁጥር ይለጠፍ፦ ስንት መልእክት ጠፋ፣ ስንት ሰው ታገደ፣ ስንት ይግባኝ መጣ፣ ስንቱ ተሻረ። ባለቤቱ በአብላጫ ድምፅ የተወሰነን ሹመትና ሽረት እንደሚፈጽም በተሰካው መልእክት ላይ በስሙ ይጻፍ፤ ቴክኒኩ አያስገድደውም፤ የሚይዘው ቃሉ ነው።

ለመሻር ድምፅ ሲሰጥ ማን ማንን እንደመረጠ የማይታይበትን ፖል ተጠቀሙ፤ ቂም ይፈጠራልና። ነገር ግን ድምፁ ከመከፈቱ 7 ቀን በፊት አዲስ አባል መግባት በፈቃድ ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ካልሆነ የሚሻረው ሰው ዘመዶቹን በሊንክ አስገብቶ በአንድ ምሽት ይመለሳል።

የተሻረ ወይም የለቀቀ አድሚን በወጣ በዚያው ቀን ባለቤቱ አራት ነገር ይይ። ሰውየው የሾማቸው አድሚኖች አሉ ወይ? የፈጠራቸው የመጋበዣ ሊንኮች አሉ ወይ? ባለቤት የሌሎችን ሊንክ ማየትና መሰረዝ ይችላል። ግሩፑ ውስጥ የሚሠራ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) የከፈተው እሱ ነው ወይ? ከሆነ ቦቱ ይውጣ ወይም ቁልፉ ተቀይሮ ለተተኪው ይሰጥ፤ አድሚን የሆነ ቦት ባለቤቱ ከተሻረ በኋላም ያጠፋል፣ ያግዳል። በመጨረሻ ከመዝገቡ ቻናል ከመውጣቱ በፊት በእሱ ምልክት የተጻፉት ቁጥሮች ይቆጠሩ፤ «አ3» የሚለውን ምልክትም ለተተኪው አትስጡ፤ ተተኪው «አ6» ይባል።